ለሞቱ ያረፈደው ጊታር ተጫዋች

ከለንደን በስተምሥራቅ፣ የቴምዝ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል፣ ካንቪ የምትባል ዝቅተኛ ደሴት አለች። ዙሪያዋን ማዕበል በሚመክት የኮንክሪት ግንብ ታጥራለች፤ በአንድ ወገን መርከብ፣ በሌላ ወገን የነዳጅ ማጠራቀሚያ ይታያል። ጁሊየን ቴምፕል የተባለው ዳይሬክተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አንድ ራሱን የተላጨ ሰው እዚያ ባሕር ዳር ቼዝ ይጫወታል። ተጋጣሚው ጥቁር ካባ ደርቦ ፊቱን በቆብ ሸፍኗል። ሞት ነው። ትዕይንቱ ከስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን የ1957 ፊልም የተዋሰ ነው፤ በበርግማን ፊልም ከሞት ጋር የሚጫወተው የመስቀል ጦረኛ ግን በጭንቀት የሚብሰለሰል ሰው ነው። የካንቪው ተጫዋች ወግ እየጠረቀ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ቴምፕል ካሜራውን ይዞ ሲሄድ ሊሞት ጥቂት ወራት ስለቀሩት ሰው ፊልም ሊሠራ ነበር። ፊልሙ ተመልካች ዘንድ ሲደርስ ሰውየው በሕይወት አለ፤ የሌለው ካንሰሩ ነበር።

ሰውየው ዊልኮ ጆንሰን ይባላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስም አይደለም፤ ፊቱን ያየ ግን አይጠፋም። ‘ጌም ኦፍ ትሮንስ’ የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ የተመለከተ ሁሉ ሰር ኢሊን ፔይንን ያስታውሳል፤ ምላሱን የተቆረጠውን፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ አንገት የሚቀላውን የንጉሥ ሰያፊ። ዊልኮ ትወና ተምሮ አያውቅም። ሰውን ክፉኛ የሚገላምጥ ሰው ፈልገው ነው የመረጡኝ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የምሠራው እርሱን ነው እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ በፊት ‘ዶክተር ፊልጉድ’ የተባለው የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጊታሩን እንደ መትረየስ ወደ ታዳሚው አዙሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ መድረኩን ከዳር ዳር ሲያቋርጥ ካዩት ወጣቶች አንዳንዶቹ በኋላ የእንግሊዝን ፓንክ ሙዚቃ ፈጠሩ። በ1976 የባንዱ የመድረክ ቅጂ አልበም በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ወጥቷል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ የድሮውን እንግሊዝኛ ግጥምና የአይስላንድ ታሪኮችን በቃሉ ይወጣ ነበር ይባላል። ከመለስተኛ ሀዘን ወጥቶ የማያውቅ፣ በድብርት የሚቸገር ሰውም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አብራው የኖረችው ባለቤቱ አይሪን በ2004 በካንሰር ከሞተች በኋላ ደግሞ ባሰበት።

በ2012 ማብቂያ ላይ ሆዱ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ የቆሽት ካንሰር ነው፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም አሉት። ያለ ኬሞ ከ9 እስከ 10 ወር፣ በኬሞ ምናልባት አንድ ዓመት። ዊልኮ ሒሳቡን ሠራና ኬሞውን ተወው። በ2013 ጥር ላይ ለሕዝብ ከተናገረ በኋላ ጃፓን ሄዶ ዘፈነ፣ መጋቢት ላይ ደግሞ በእንግሊዝ ከተሞች የስንብት ኮንሰርት አደረገ። ትኬቱ አለቀ። ጋዜጠኞች ሲከቡት የሚናገረው ነገር ሰውን ግራ አጋባ። የምርመራውን ውጤት ሰምቶ ከሆስፒታሉ በወጣበት ቅጽበት ሰማዩ፣ ዛፉ፣ የክረምቱ ብርሃን ሁሉ እንደ አዲስ ታየው፤ እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ ተሰምቶኝ አያውቅም አለ። ለዓመታት በድብርት የማቀቀ ሰው መድኃኒቱን የሞት ፍርድ ውስጥ አገኘሁ ሲል መስማት ያስደነግጣል። ግን እየቀለደ ስለሚናገረው ሰው ሁሉ እየሳቀ ይሰማው ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከ‘ዘ ሁ’ ባንዱ ድምፃዊ ሮጀር ዳልትሬ ጋር ስቱዲዮ ገባ። ሁለቱ አንድ ቀን አብረን እንሠራለን ሲባባሉ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አሁን ግን ‘አንድ ቀን’ የሚባል ነገር አልቀረም። ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀርጸው ጨረሱት። አልበሙ በ2014 መጋቢት ሲወጣ በእንግሊዝ ሽያጭ ሦስተኛ ሆነ። የተሰጠው 10 ወር ያን ጊዜ ካለቀ ቆይቷል።

ነገሩን ለመረዳት ቆሽትን ማወቅ ያስፈልጋል። የበግ ሆድ ዕቃ አጥባ የምታውቅ እናት እንኳ ቆሽቱ የቱ ነው ብትባል ታመነታለች፤ ጉበቱና ጨጓራው ጎልተው ሲታዩ እርሱ ከኋላ ተሸሽጎ ስለሚቀር። የሰው ቆሽት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከጨጓራ በስተጀርባ፣ አከርካሪውን ተደግፎ በአግድም ይተኛል። ራሱ በትንሹ አንጀት መነሻ እቅፍ ውስጥ ነው፤ ጭራው እስከ ጣፊያ ይደርሳል። ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦ በዚሁ በቆሽቱ ራስ ውስጥ አልፎ ነው አንጀት የሚገባው። ሥራው ሁለት ነው፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ አንጀት ያፈሳል፣ ኢንሱሊንና ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል።

ካንሰሩም እንደ ሥራው ሁለት መልክ አለው። ከ100 የቆሽት ካንሰሮች 90 ያህሉ የሚነሡት ኢንዛይም ከሚያሳልፉት ቱቦዎች ነው። አዴኖካርሲኖማ ይባላል፤ የሚያስፈራው ይህኛው ነው። ዕጢው ትንሽ ሳለ አይታይም፣ በእጅ አይዳሰስም፣ ቶሎ ወደ ጉበት ይሰደዳል፤ ዙሪያው ያሉትን ትልልቅ የደም ሥሮች ሲጠመጥም ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ሲታወቅ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከ100 ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በቅርብ ዓመታት ባወጣው አኀዝ፣ ሁሉም የቆሽት ካንሰር ዓይነቶች አንድ ላይ ተቆጥረው፣ ከ100 ታማሚዎች አምስት ዓመት የሚደፍኑት 13 ገደማ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ሆርሞን ከሚሠሩት ሕዋሶች የሚነሣው ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ነው። ከ100 አሥር አይሞላም። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የታማሚውን አካል ሳይጥል ለዓመታት ሊገዝፍም ይችላል።

ቻርሊ ቻን የጡት ካንሰር ቀዶ ሐኪም ነው፤ ከሥራው ውጭ ሙዚቀኞችን ፎቶግራፍ ማንሣት ይወዳል፣ የዊልኮም አድናቂ ነበር። ዊልኮ እየተገላመጠ፣ እየዘለለ፣ ላብ እያሰመጠው ሲጫወት ዓይኑ አየ። ለአድናቂ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለሐኪም ግን የማይጣጣም ሒሳብ ነበር። የቱቦው ካንሰር ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው እስካሁን መሞት ነበረበት። ቻን ነገሩ እንደገና ይታይ ብሎ ወደ ኬምብሪጁ አደንብሩክስ ሆስፒታል፣ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ኢማኑኤል ኡጌ መራው። እዚያም ዕጢው ኒውሮኢንዶክራይን እንደሆነ፣ ምንም እንኳ ቢገዝፍ ሊወጣ እንደሚችል ተነገረው፤ ሊሞትበት እንደሚችልም አልተደበቀም። በ2014 ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ቆሽቱን፣ ጣፊያውን፣ ከጨጓራውና ከአንጀቶቹ ከፊሉን አወጡለት፤ የጉበቱን የደም ሥሮችም ቆርጠው ጠገኑ። ዊልኮ ራሱ እንደተናገረው 11 ሰዓት ፈጅቷል። ዕጢው 3 ኪሎ ግራም መዘነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአንድ የሙዚቃ ሽልማት መድረክ ቆሞ መዳኑን ሲያበስር ያወጡልኝ ነገር ሕፃን ያክል ነበር ብሎ አዳራሹን አሳቀ።

ይህን ታሪክ ‘ሳቀ፣ ዳነ’ ብሎ ማሳጠር ቀላል ነው። ብዙ ጋዜጣም እንደዚያ አድርጎታል። እኔ ግን አልቀበለውም። ዊልኮን ያዳነው የዕጢው ዓይነት ነው፤ ከዚያም አንድ ሐኪም ‘ለምን?’ ብሎ መጠየቁ፤ ከዚያም የቀዶ ሕክምና ቡድኑ እጅ። ኬሞውን መተዉም እንደ ጥበብ ሊቆጠር አይገባም። የነገሩት በሽታ ይዞት ቢሆን ኖሮ ያ ውሳኔ የሚያስገኝለት ክብር ያለው አሟሟት ብቻ ነበር። የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስም የያዛቸው የቆሽት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ነበር። በ2003 ጥቅምት ተገኘባቸው፤ እርሳቸው ግን ዘጠኝ ወር ያህል በአመጋገብና በልዩ ልዩ አማራጭ ሕክምና ሞክረው ቀዶውን ያደረጉት በ2004 ሐምሌ ነበር። በ2011 ጥቅምት ሞቱ። ማርፈዱ ገደላቸው ብሎ መማል አይቻልም፤ ገንዘብና ዕውቀት ሞልቶ ተርፎም ሰው በሽታውን በራሱ መንገድ እዳኛለሁ ሊል እንደሚችል ግን ያሳያል።

ሳቅ ያድናል የሚለው እምነት ዘመናዊ መልኩን ያገኘው በአብዛኛው ከአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኖርማን ከዝንስ ነው። በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ሳለ የአስቂኝ ፊልሞች ስብስብ እያየ ዐሥር ደቂቃ ከልቡ ሲስቅ ሁለት ሰዓት ያለ ሕመም እንደሚተኛ ጻፈ። ለሕመም ማስታገሻ ያህል ከሆነ ማን ይቃወማል? ችግሩ ነገሩ ወደ ካንሰር ሲሻገር ነው። ጄምስ ኮይን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሎ በ2007 ያሳተመው ጥናት የታማሚው መንፈስ ጥሩ መሆን ዕድሜውን እንደማያረዝም አሳየ። ይህ ለብዙዎች መርዶ ይመስላል። ለእኔ እፎይታ ነው። በሳቅ ብዛት የሚዳን ቢሆን ኖሮ የሞተው ሁሉ አንሶ በመሳቁ ሞተ ሊባል ነበርና። አልጋ ላይ ያለ ሰው የዕጢውን ሸክም ተሸክሞ በላዩ ላይ የፈገግታ ግዴታ ሊጫንበት አይገባም።

ታዲያ ቀልዱ ምን ይሠራል? በፒትስበርግ ከተማ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ መስከረም 18 ቀን 2007 የሆነውን ማየት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ፕሮፌሰር ራንዲ ፓውሽ 47ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ነበር። የቆሽት ካንሰር የተገኘባቸው ከዓመት በፊት ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን፣ ኬሞውን፣ ጨረሩን ሁሉ ተቀብለው ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ካንሰሩ ጉበታቸው ውስጥ ተመልሶ ተገኘ፤ የተሰጣቸው ደህና ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር። አዳራሹ ሞልቷል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ወደየት እንደሚመለከት አያውቅም። ፓውሽ የጉበታቸውን የሲቲ ስካን ምስል ግድግዳው ላይ ለቀቁና ዕጢዎቹን አንድ በአንድ በቀስት አሳዩ። ልክ እንደሚገባኝ ተክዤ ባለመምጣቴ ይቅርታ፣ አሉ። ከዚያ መድረኩ ላይ ተንበርክከው ፑሽ አፕ ሠሩ፣ በአንድ እጃቸውም ጭምር፤ ሊያዝንልኝ የሚፈልግ መጀመሪያ ይህን ይሥራና ከዚያ ይዘን እንደማለት። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሞት አፋፍ ላይ ሆኜ ንስሐ ገብቻለሁ ብለው ሰዉን ጸጥ አሰኙት። ንስሐው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር መግዛታቸው ነበር።

እነዚያ ዕጢዎች አንዳቸውም በዚያ ሳቅ አልሟሟም። ፓውሽ በ2008 ሐምሌ 25 ዐረፉ። ሆኖም ከመሞታቸው በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርበው ለቆሽት ካንሰር ምርምር የሚመደበው ገንዘብ እንዲጨምር ተከራክረዋል። ያ ንግግር ያለ ቀልዱ የሚሰማው ሰው ይገኝ ነበር? አይመስለኝም። ሰው ከሞት ፊቱን ያዞራል። የሚያስቀው ሰው ግን ፊቱን መልሶ ያዞረዋል። ዊልኮም ቤቱን ዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ሒሳቡ አልጣጣም ያለው ሐኪም የት ያገኘው ነበር? ሳቁ ዕጢውን አልነካውም፤ ሰውየውን ግን ሰው ፊት አቆየው።

የአሜሪካው ‘ጀፐርዲ!’ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ፕሮግራም አቅራቢ አሌክስ ትሬቤክም በ2019 መጋቢት ደረጃ አራት የቆሽት ካንሰር እንደያዘው ለተመልካቹ ራሱ በቪዲዮ ነገረ። እንደምንም ማሸነፍ አለብኝ፣ ውሌ ገና የሦስት ዓመት ሥራ ይቀረዋል አለ። ኬሞ እየወሰደ፣ ሕመሙ ወለል ላይ ሲጥለው ተነሥቶ እየቀረጸ፣ እስከ 2020 ኅዳር ድረስ ቆየ።

ከሁሉም የምወደው ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩትን የሩት ቤደር ጊንስበርግን ነው፤ ቀልዳቸው ዐሥር ዓመት ስለፈጀ። በ2009 የካቲት፣ በመደበኛ ምርመራ ለተገኘባቸው፣ ገና አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የቆሽት ዕጢ በኒው ዮርክ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሳምንታት ሳይቆዩ የኬንታኪው ሴናተር ጂም በኒንግ በአንድ ስብሰባ ላይ ዳኛዋ ዘጠኝ ወር እንደማይደፍኑ ተነበዩ። በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዳኛዋ መልስ አልሰጡም፤ በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ኦባማ ለምክር ቤቱ ንግግር ሲያደርጉ በቦታቸው ተገኝተው ተቀመጡ፣ አልሞትኩም ለማለት። በኒንግ በ2017 ሞቱ። በ2019 ሐምሌ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስለ ጤናቸው ስትጠይቃቸው ዳኛዋ ሞታቸውን በደስታ ስለተነበየው ሴናተር አወሩ፤ ስሙን ረስቼዋለሁ አሉ፣ እርሱ ሞቷል፣ እኔ በደንብ አለሁ። 86 ዓመታቸው ነበር። ስሙን መርሳታቸውን የሚያምን ይመን። በ2020 መስከረም በዚያው ካንሰር ሲሞቱ አስከሬናቸው በምክር ቤቱ አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ፣ ለዓመታት ስፖርት ያሠራቸው አሠልጣኝ ሬሳ ሳጥኑ ፊት ጎንበስ ብሎ ሦስት ፑሽ አፕ ሠራ። ከሳጥኑ ፊት የመጣ ከዚህ የሚበልጥ የእጅ መንሻ አላየሁም።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የቀለደው ታማሚው ነው፤ የቀለደውም ስለተነገረው ነው። በሽታውን በስሙ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሊሳለቅበት የሚችለው።

እኛ ዘንድ ነገሩ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። አባት ምርመራ ክፍል ሳለ ታላቅ ልጅ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ያገኘዋል። ‘ዶክተር፣ እባክዎ ለአባታችን እንዳይነግሩብን፣ ሐሳቡ ይገድለዋል።’ ዶክተሩም ሰው ነው፤ ይስማማል። አባት ‘ጨጓራ ነው’ ተብሎ ቤቱ ይገባል። ጠያቂ ይጎርፋል፣ ‘ኧረ ተሽሎዎታል! ፊትዎ ወዛ ብሏል’ ይላል፣ በር ላይ ሲወጣ ያለቅሳል። አባት ኪሎው 20 የቀነሰ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የልጆቹን ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው ነው። ያውቃል። የሚያውቅ መሆኑን ግን እንዳያዝኑ ይደብቃል። ቤቱ በሙሉ ተውኔት ይሆናል፣ ተመልካች የሌለው። በዚያ መሀል ቀልድ የት ይገባል? አባት ወግ አዋቂ ቢሆን እንኳ፣ እርሱ በሌለበት የተደበቀ ነገር ላይ እንዴት ይቀልድ?

ፍቅር ስለጎደለ አይደለም። ውጭ አገር ያሉት ቤተሰቦችም ይህንኑ ይዘው ሄደዋል። አሜሪካ ወይም እስራኤል ሐኪሙ ውጤቱን ቀጥታ ለታማሚው ይናገራል፤ ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ሲገባ ግን ካንሰሩ በመንገድ ላይ ‘ትንሽ ቁስል’ ይሆናል። ሆስፒታሎች የራሳቸውን አስተርጓሚ ካልጠራን የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀልድ የማናውቅ ሕዝብም አይደለንም። ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ፣ ሟች ያደረገውንና የተናገረውን እያነሡ የሚስቀውን ሳቅ የማያውቅ የለም። ያ ሳቅ ሐዘኑን ያቀላል፤ እኔም ስቄበታለሁ። የሚያሳዝነው ባለቤቱ ከሄደ በኋላ መምጣቱ ነው። ከወር በፊት፣ አልጋው አጠገብ ቢሳቅ ኖሮ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እርሱ ነበር።

ሁሉም ይነገረው ማለቴ አይደለም። መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ግን እርሱ ራሱ ይጠየቅ፤ ‘ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጆችዎ?’ የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ሌላው ደግሞ ጠያቂው ነው። ታማሚው ሳይጀምር ጠያቂ የሚጀምረው ቀልድ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የጠያቂውን ፍርሃት መሸፈኛ ነው።

‘ጨጓራ’ የሚለውን ቃል ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ይሰርቃል። ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ይጠጣል፣ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ወራት ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጨጓራ ነው። ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ሲንጋለሉ የሚብስ፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ቀለል የሚል ሕመም ከሆነ ግን ቆሽት ይታሰብ፤ ከኋላው ያሉት ነርቮች ሲነኩ የሚመጣ ነው። ትሬቤክ ራሱ በኋላ ባስተላለፈው መልእክት፣ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም የዚህ ካንሰር ምልክት መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብሎ ተናግሯል።

የቆሽቱ ራስ ላይ ያለ ዕጢ ደግሞ የሐሞቱን ቱቦ ይዘጋል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። አገር ቤት ይህ ‘የወፍ በሽታ’ ይባልና ቅጠል ወደሚቀጠቅጥ ሰው ይኬዳል። የጉበት ቫይረስ ሆኖ በራሱ ሲለቅ ቅጠሉ ይመሰገናል። ዕጢ ሲሆን የሚያልፈው ጊዜ ነው። ምፀቱ ደግሞ ይህ ቢጫነት ከዚህ ካንሰር ምልክቶች ሁሉ ዕድል የሚሰጠው መሆኑ ነው፤ የቆሽቱ ራስ ላይ ያለው ዕጢ ትንሽ ሳለ ያሳብቃልና፣ የጭራው ዕጢ ግን ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። በ50ዎቹና ከዚያ በላይ ባለ፣ ባልወፈረ ሰው ላይ ድንገት የመጣ ስኳር ከክብደት መቀነስ ጋር ሲሆንም ሆዱ በሲቲ ስካን ቢታይ አይጎዳም።

ከተደረሰበት የሚጠብቀው ቀዶ በአብዛኛው ዊፕል የሚባለው ነው፤ በኒው ዮርክ በ1935 በሠሩት በአለን ዊፕል ስም ተጠርቷል። የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መነሻ፣ የሐሞት ከረጢትና የቱቦው ከፊል ይወጣሉ፤ የቀረው ቆሽት፣ የሐሞቱ ቱቦና ጨጓራው ሦስት ቦታ ላይ እንደ አዲስ ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት ብዙ ሰው ጠረጴዛው ላይ ወይም ሰሞኑን ይሞትበት ነበር። ዛሬ አዘውትረው በሚሠሩት ሆስፒታሎች የሚሞተው ከ100 አምስት አይሞላም፤ ስለዚህ ‘የት ይሠራ?’ የሚለው ጥያቄ ‘ማን ይሠራው?’ ከሚለው አያንስም። ከቀዶው በኋላ የሚሰጠው ኬሞም ተሻሽሏል። በ2018 የታተመ የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት ጠንከር ያለውን የአራት መድኃኒት ቅንብር የወሰዱት ግማሾቹ ከ54 ወር በላይ ሲኖሩ፣ በድሮው መድኃኒት የታከሙት 35 ወር ላይ እንደነበሩ አሳይቷል።

ከተረፉ በኋላ ያለው ኑሮም ወግ አያጣም። ቆሽቱ የወጣ ሰው ኢንሱሊን ይወጋል፤ ምግብ እንዲፈጭለትም ከእያንዳንዱ ማዕድ ጋር የኢንዛይም ካፕሱል ይውጣል፣ ከምግቡ በፊት ወይም በኋላ ሳይሆን አብሮ። ካፕሱሉ የሚሠራው ከዓሣማ ቆሽት ነው። ይህን ብዙ ሐኪም ለኢትዮጵያዊ ታማሚው አይነግርም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም አንድ ቀን ወረቀቱን አንብቦ ይደነግጣል፣ አንዳንዱም ሳይናገር ይተወውና የበላው ሁሉ ሳይፈጭ እየወጣ ይከሳል። ቀድሞ ቢነገረው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይመክር ነበር። የእስልምናም የአይሁድም ሊቃውንት ሌላ መድኃኒት ለሌለው ሕመምተኛ ፈቅደውታል።

ዊልኮም ከዚያ ወዲያ በኢንሱሊንና በካፕሱል ኖረ። ዕለቱን ሙሉ የሚያየው ያ የክረምት ብርሃን ግን ጠፋ። ሞቴ ቅርብ አይደለም የሚለውን ነገር መልመድ አቃተኝ አለ፤ ሊሞት ሲል የለቀቀው ድብርት መዳኑን ሲሰማ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። ይህንንም ለጋዜጠኛ ሲያወራው ያስቅ ነበር። በ2018 አዲስ አልበም አወጣ፤ በ2022 ኅዳር 21 ቀን፣ በ75 ዓመቱ፣ ቤቱ ውስጥ ሞተ። በዚያ ዓመትም መድረክ ላይ ነበር። በ2013 የመጨረሻው ስንብት ነው ተብለው፣ እያለቀሱ ትኬት የገዙ ሰዎች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግመው ደጋግመው ገዙ፤ ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ አልተሰማም።